የስፖርት ዕቃ ከውጭ አገር ወደ ጅማ፦ ቀረጡን፣ ታክሱንና ማጓጓዣውን ከማዘዝ በፊት ማስላት

በስልክ ላይ 90 ዶላር የሚል ዋጋ የተጻፈበት የሩጫ ጫማ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሲደርስ 90 ዶላር ብቻ አያወጣም። ይህን ሁሉም ሰው ይገምታል፤ ግምቱ ግን ብዙውን ጊዜ «ትንሽ ቀረጥ ይጨመርበታል» ከሚል አያልፍም። በዚህም ምክንያት ዕቃው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቀው ገንዘብ ከጫማው ዋጋ በልጦ ሲገኝ፣ ገዢው ወይ ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይ ዕቃውን እዚያው ትቶት ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የሩጫ ጫማና ልብስ፣ ብስክሌትና የብስክሌት መለዋወጫ፣ ሄልሜትና የመሳሰለውን ለግል መገልገያው ከውጭ አገር ለሚያዝዝ የጅማ ነዋሪ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ሙሉ ወጪውን በወረቀት ላይ እንዴት ማስላት እንደሚችል ያሳያል።

ታክስ የሚታሰብበት ዋጋ

ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በዕቃው የመሸጫ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። መነሻው ሲአይኤፍ የሚባለው ዋጋ ነው፤ ይኸውም የዕቃው ዋጋ፣ የመድን ክፍያውና እስከ አገሪቱ መግቢያ ድረስ ያለው ማጓጓዣ አንድ ላይ ተደምረው የሚገኘው ነው። ብዙ ገዢ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለማጓጓዣ የተከፈለው ገንዘብ ራሱ ቀረጥና ታክስ ይታሰብበታል፤ ስለዚህ በማጓጓዣ ላይ የሚባክን እያንዳንዱ ዶላር ታክሱን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከሻጩ ጋር በዋጋ ከመከራከሩ በፊት የማጓጓዣውን ነገር ማየት ይኖርበታል።

በሲአይኤፍ ዋጋ ላይ የሚደራረቡት ክፍያዎች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰባል፤ መጣኔው እንደ ዕቃው ዓይነት ከ0 እስከ 35 በመቶ ሲሆን፣ የተሰፋ ልብስና ጫማ በከፍተኛው መጣኔ፣ ማለትም በ35 በመቶ ይገኛሉ። ቀጥሎ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለተዘረዘሩ የተወሰኑ ዕቃዎች ኤክሳይዝ ታክስ ይታከላል። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) የሚታሰበው በሲአይኤፍ ዋጋው፣ በቀረጡና ኤክሳይዝ ካለም በኤክሳይዙ ድምር ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 133 የተጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ ቫቱን ጭምር በያዘው ድምር ላይ ይሰላል። በቅርብ ዓመታት የተጨመረውና በተለምዶ ሶሻል ዌልፌር ሌቪ እየተባለ የሚጠራው 3 በመቶ ግን በሲአይኤፍ ዋጋው ላይ ብቻ ይታሰባል። አንዱ ታክስ በሌላው ላይ እየታሰበ ስለሚሄድ መጣኔዎቹን ብቻ ደምሮ መገመት ያሳስታል፤ ቅደም ተከተሉን ይዞ ማስላት ግድ ነው።

በምሳሌ እንየው። ጫማው 90 ዶላር፣ ማጓጓዣው 35 ዶላር፣ መድኑ 2 ዶላር ቢሆን የሲአይኤፍ ዋጋው 127 ዶላር ነው። የ35 በመቶ ቀረጥ 44.45 ዶላር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 171.45 ስለሚሆኑ 15 በመቶ ቫቱ 25.72 ነው። እስካሁን ያለው ድምር 197.17 ሲሆን፣ የዚህ 10 በመቶ 19.72 ሱር ታክስ ነው። በ127 ላይ የሚታሰበው 3 በመቶ ደግሞ 3.81 ይሆናል። ኤክሳይዝ ባይኖርበት እንኳ ጠቅላላ ለመንግሥት የሚከፈለው 93.70 ዶላር ነው፤ ከጫማው ዋጋ ይበልጣል። ጫማው በ220.70 ዶላር አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ጅማ የሚመጣበት ወጪ ገና አልተጨመረም።

ይህን አሳጥሮ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው፣ ቀረጡ 35 በመቶ በሆነ ዕቃ ላይ የሚጠየቀው ጠቅላላ ክፍያ የሲአይኤፍ ዋጋው 74 በመቶ ግድም ነው። ቀረጡ 10 በመቶ ከሆነ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል። ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ ቫቱ፣ ሱር ታክሱና ሌቪው ስለሚቀሩ 29.5 በመቶ ይከፈላል፤ ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ዕቃ ቀረጥ የለበትም» ቢልዎ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ቀረጥና ታክስ የተለያዩ ናቸው።

የብሩ ጉዳይም አለ። ገዢው የሚያስበው ባዘዘበት ቀን የነበረውን ምንዛሪ ነው፤ ጉምሩክ ግን የሚያሰላው ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም የዕቃው የጉምሩክ ማስታወቂያ ሰነድ፣ በሚቀርብበት ጊዜ በሚሠራበት ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከላይ የተሰላው ባለ 127 ዶላር ዕቃ በ57 ብር ሲታሰብ ታክሱ 5,300 ብር ግድም፣ በ110 ብር ሲታሰብ ደግሞ 10,300 ብር ግድም ይሆናል፤ ዕቃው ግን ያው ነው። እንዲህ ያለ ዝላይ በየወሩ አይመጣም፤ ሆኖም መጓጓዣው ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ስለሚችል ካሰሉት በላይ ጥቂት መጠባበቂያ መያዝ ይበጃል።

የታሪፍ ቁጥሩን ማወቅ

ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ የሚቆመው ዕቃው በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚመደብ ሲታወቅ ነው። የታሪፍ መጽሐፉ የተሠራው መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ባዘጋጀው፣ ኤችኤስ በሚባለው የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት ላይ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በየትኛውም አባል አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። ይህ ለገዢው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሻጩን «የዕቃው ኤችኤስ ኮድ ስንት ነው?» ብሎ በመጠየቅ የሚያገኘውን ስድስት አሃዝ በእኛው ታሪፍ ላይ መፈለግ ይችላል። የጉምሩክ ኮሚሽን በድረ ገጹ የታሪፍ መፈለጊያ አለው፤ ጅማም የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ስላላት በአካል ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ላዩ ጨርቅ፣ ሶሉ ጎማ ወይም ፕላስቲክ የሆነ የስፖርት ጫማ 6404.11 ነው። ብስክሌት በ8712፣ ለብስክሌት ብቻ የሚሆን መለዋወጫ በ8714፣ ሄልሜት በ6506.10፣ መነጽር በ9004፣ ኳስና የመሳሰሉት የስፖርት መሣሪያዎች በ9506 ሥር ይገኛሉ። ልብስ እንደ አሠራሩ በምዕራፍ 61 ወይም 62 ይመደባል፤ «ለስፖርት ነው» መባሉ ከልብስነት አያወጣውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ለስፖርት የሚውል ሁሉ የስፖርት መሣሪያ ነው ብሎ ስለሚያስብ ጫማውን በ9506 ቀረጥ ያሰላውና መጨረሻ ላይ ይደነግጣል። ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር ባትሪና ሞተር ያለው ብስክሌት ነው፤ በ8712 ሳይሆን ከሞተር ብስክሌቶች ጋር በ8711.60 ስለሚመደብ፣ ስሌቱ ከተራ ብስክሌት ስሌት ጋር አንድ ይሆናል ብሎ መገመት አይገባም።

መጽሐፉን ሲያገላብጡ 9506.11 ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ራሱን ችሎ ተጽፎ ያገኙታል። በረዶ በማይጋገርበት አገር ይህ ቁጥር ማንን ይጠብቃል የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በስኪ መወዳደሩን ማስታወስ ይበቃል። ለስኪ ቡት ጭምር በጫማው ምዕራፍ ውስጥ ለብቻው የተሰጠ ቁጥር አለ፤ የስሌቱ መንገድ ለስኪም ለሩጫ ጫማም አንድ ነው።

ማጓጓዣ፦ የምንከፍለው ለክብደት ወይስ ለአየር?

ፈጣን የመልእክት ድርጅቶች ዋጋ የሚቆርጡት ከሁለት ክብደቶች የሚበልጠውን ይዘው ነው፤ አንደኛው ሚዛን ላይ የሚታየው፣ ሁለተኛው ከጥቅሉ መጠን የሚሰላው ነው። የሁለተኛው ስሌት ቀላል ነው፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው በሴንቲሜትር ተባዝቶ አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000 ይካፈላል፤ ውጤቱ በኪሎ ግራም ነው። ሄልሜትን ብንወስድ 300 ግራም ግድም የሚመዝን ነገር በ30፣ በ24፣ በ20 ሴንቲሜትር ካርቶን ቢታሸግ 2.88 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል። አየር ልናስመጣ ነው የምንከፍለው፤ በዚያ አየር ላይ ደግሞ ቀረጥ እንከፍላለን። የጫማ ካርቶንም እንዲሁ ነው፤ 34፣ 22 እና 13 ሴንቲሜትር የሆነው ካርቶን 1.94 ኪሎ ይታሰባል፤ ጫማው ያለ ካርቶኑ በከረጢት ተጠቅልሎ 32፣ 20 እና 10 ሴንቲሜትር ቢሆን 1.28 ይሆናል። ሻጩ ካርቶኑን አውጥቶ እንዲልክ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ሙሉ ብስክሌት የሚመጣበት ካርቶን 140 በ80 በ20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ብስክሌቱ ከነማሸጊያው 16 ኪሎ ቢመዝን እንኳ በመጠን ሲሰላ 44.8 ኪሎ ይሆናል። በፖስታም አይቻልም፤ የፖስታ ጥቅል በአብዛኛው ከ1.5 ሜትር ርዝመት፣ ርዝመቱና ዙሪያው ሲደመርም ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ስለሚጠየቅ፣ ይህ ካርቶን ደግሞ 3.4 ሜትር ስለሚሆን ከወሰኑ ያልፋል። በእኔ አስተያየት የጅማ ሰው ለግሉ ሙሉ ብስክሌት በፈጣን መልእክት ማስመጣት የለበትም፤ አዲስ አበባ ያለውን ገዝቶ ካቴናውን፣ የፍሬን ሸራውን፣ ፔዳሉንና ኩሽኔታውን ብቻ በጥራት ቢያስመጣ በብዙ እጥፍ ይጠቀማል። የጂረንን ዳገት ለመውጣትም ሆነ የጅማን ረጅም ክረምት ጭቃና ዝገት ለመቋቋም ልዩነት የሚያመጡት እነዚሁ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ትንንሽ ስለሆኑም ማጓጓዣቸው ይረክሳል። ከመነዳሪና ጎማ ግን ከውጭ ማዘዝ እምብዛም አያዋጣም።

ለሁለትና ለሦስት ሰው አንድ ላይ ማዘዝም ማጓጓዣውን ያካፍላል። በላይኛው ምሳሌ ማጓጓዣው ከ35 ወደ 15 ዶላር ቢወርድ የሚተርፈው 20 ዶላር ብቻ አይደለም፤ በ20ው ላይ ይታሰብ የነበረው ታክስ አብሮ ስለሚቀር ወደ 35 ዶላር ይጠጋል። ነገር ግን ከአንድ ሰው መገልገያ በላይ የሆነ ብዛት፣ ለምሳሌ 12 ጥንድ ጫማ በአንድ ስም ቢመጣ እንደ ንግድ ዕቃ ይታያል። ንግድ ሲሆን የአስመጪነት ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ በሲአይኤፍ ዋጋው ላይም 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይከፈላል፤ ይህ ግን በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብር ላይ የሚቀናነስ ነው።

የሻጩ አገር ታክስ

በአውሮፓ በችርቻሮ ዋጋ ውስጥ የዚያ አገር ቫት ተደምሮ ይቀመጣል፤ በጀርመን 19፣ በብሪታንያ 20 በመቶ ነው። ዕቃው በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ ያ ቫት ሊቀነስ ይገባል፤ 120 ፓውንድ የተባለው ዕቃ 100 ፓውንድ ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ ሻጮች አድራሻው ሲገባ ዋጋውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ያንኑ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ከመክፈል በፊት ማየትና መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው። በአሜሪካ የሽያጭ ታክስ በየግዛቱ ይለያያል፤ በኦሪገንና በዴላዌር የለም። ዘመድዎ ዕቃውን እዚያው በራሱ አድራሻ ከተቀበለው ግን የአካባቢውን ታክስ ይከፍላል፤ ጀርመን የሚኖር ዘመድም ነዋሪ ስለሆነ ለጎብኚ የሚመለሰውን ቫት ማስመለስ አይችልም።

በኢንተርኔት ላይ «ከዚህ ዋጋ በታች ቀረጥ የለም» የሚሉ ጽሑፎች በብዛት ይገኛሉ። እነዚህ የየአገሩ ሕጎች ናቸው። የአሜሪካው የ800 ዶላር ወሰን ወደ አሜሪካ ለሚገባ ዕቃ የነበረ ሲሆን፣ እርሱም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ቀርቷል፤ ወደ ጅማ የሚመጣን ጫማ መቼም አይመለከተውም ነበር።

በሰው እጅ ማስመጣት

ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፤ ትክክልም ነው፤ ምክንያቱም የማጓጓዣው ወጪ ይቀራል፤ መንገደኛው ለግል መገልገያ የሚሆን፣ የንግድ ጠባይ የሌለው ዕቃ ይዞ እንዲገባ መመሪያው ይፈቅዳል። አንድ ጥንድ ጫማና አንድ ሄልሜት እምብዛም አያነጋግርም። አምስት ጥንድ ልዩ ልዩ ቁጥር ያለው አዲስ ጫማ ግን የአንድ እግር እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ዘመድዎን አያስጨንቁ፤ ደረሰኙን አስቀድመው ይላኩለት፤ ቢጠየቅ የሚያሳየው ነገር ይኑረው፤ ቀረጥ ቢታሰብም ማን እንደሚከፍል ከመነሣቱ በፊት ተስማሙ። የብስክሌት መብራት ወይም ሌላ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ካለ በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ሻንጣ መያዝ አለበት። የፕሮቲን ዱቄትና መሰል ማጠናከሪያ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ከስፖርት ዕቃ ጋር ደባልቆ ማስያዝ ጫማውንም ያስቆመዋል። ያገለገለ ልብስን ለንግድ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ፣ ርካሽ ያገኙትን ሰልባጅ የስፖርት ልብስ በጥቅል ማስላክም አይሞከርም።

ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍ

አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ጫማ ሲላክለት ላኪው በቅጹ ላይ «ስጦታ፣ 10 ዶላር» ብሎ ጻፈ፤ የዋጋው ወረቀት ግን በጫማው ካርቶን ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ዕቃው ተያዘ፤ ዋጋው እንደገና ተገመተ፤ ማስረጃ ለማቅረብ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰ። የላኪው ቸርነት ከቀረጡ በላይ አስወጣው።

ሕጉ፣ ማለትም የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ማሻሻያው 1160/2011፣ መነሻ የሚያደርገው በእውነት የተከፈለውን ዋጋ ነው፤ ያ ካልታመነ ግን ወደ ተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋ ይኬዳል። ስጦታ መሆኑ ዋጋ የለውም አያሰኘውም። ስለዚህ ላኪው በፖስታ ቅጹ ላይ፣ ለአነስተኛ ጥቅል በሲኤን 22፣ ከፍ ላለው በሲኤን 23፣ ዕቃውን በስሙ፣ ዋጋውን በትክክል እንዲጽፍና ኢንቮይሱን ከውጭ በኩል እንዲያያይዝ ይንገሩት። የተከፈለበትን የባንክ ወይም የካርድ ማስረጃም በእጅዎ ይያዙ፤ በቅናሽ የተገዛ ዕቃ ሲሆን ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ግምቱ የሚወሰደው ከሙሉው ዋጋ ነው። ግምቱ የበዛ መስሎ ከታየ በቅርንጫፉ ቅሬታ ማቅረብ፣ ከዚያም ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል፤ ለአንድ ጥንድ ጫማ ግን ይህ ሁሉ እንደማያዋጣ ልብ ይሏል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

በፖስታ ለሚመጣ ዕቃ የፖስታ ሳጥን ቁጥርና የሚሠራ ስልክ በአድራሻው ላይ መኖር አለበት፤ የቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻውን አያደርስም። ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ የጉምሩክ ሥርዓቱን የሚፈጽመው አዲስ አበባ ነው። ከማዘዝዎ በፊት የጅማ ፖስታ ቤት ሄደው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ቀረጥ የሚከፈልበት ጥቅል ወደ ጅማ ይላካል ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ነው የማወጣው? መልሱ የወጪውን ስሌት ይቀይረዋል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የግቤን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በወልቂጤ በኩል ደርሶ ለመመለስ የአውቶቡስ፣ የማደሪያና የቀን ወጪ አለበት። አዲስ አበባ የሚወክሉት ሰው ካለ የውክልናውን ደብዳቤ፣ የመታወቂያዎን ግልባጭ፣ ኢንቮይሱንና የጥቅሉን መከታተያ ቁጥር አስቀድመው ይላኩለት። ዕቃው በመጋዘን በቆየ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል፤ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ካልተነሣም እንደተተወ ተቆጥሮ ሊሸጥ ይችላል።

ፈጣን የመልእክት ድርጅት ከሆነ ዕቃውን ራሱ ወይም በትራንዚተር (በጉምሩክ ሥርዓት አስፈጻሚ) አማካይነት ያስለቅቅና ለአገልግሎቱ የተለየ ክፍያ ይጠይቃል። ይህ ክፍያ ከቀረጡ የተለየ ስለሆነ፣ መጠኑንና ጅማ ድረስ ማድረስን የሚጨምር መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቁጥሩ የማይሆን ጫማ ከደረሰ በኋላ መመለስ የለም ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ የመመለሻው ማጓጓዣና አንዴ የተከፈለው ታክስ ከጫማው ይበልጣሉ። እግርን ማታ፣ ካበጠ በኋላ፣ በሴንቲሜትር ለክቶ ከሻጩ ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ከማንኛውም የዋጋ ቅናሽ የበለጠ ያተርፋል። ዲክላራሲዮኑንና የቀረጥ ደረሰኙን ደግሞ አይጣሉ። ዕቃው በዋስትናው ዘመን ተበላሽቶ ለጥገና ወደ ሻጩ የሚመለስ ከሆነ፣ ከመላክዎ በፊት ለጉምሩክ አሳውቀው ያስመዝግቡት፤ ሳይመዘገብ ወጥቶ የተመለሰ ዕቃ እንደ አዲስ ገቢ ታይቶ ያው ስሌት ከመጀመሪያው ሊጀመርበት ይችላል።